የጋራ ኒውትራል ሕግ አመጣጥና በአርባ ምንጭና በጋሞ አገር ያለው ጥቅም

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ከላይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች አንድ የኒውትራል ሽቦ በጋራ ሲይዙ ምን ይሆናል? ይህንንስ የሚከለክለው ወይም በልክ የሚፈቅደው ሕግ ከየት መጣ? የሚል ጥያቄ ነው። ነገሩ የሽቦ ሠራተኞች ብቻ ጉዳይ መስሎ ቢታይም፥ በእርሱ ምክንያት ቤት ይቃጠላል፤ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን በአንድ ቅጽበት ይነድዳል፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ «ብሬከሩን አጥፍቼዋለሁ» ብሎ በእርግጠኝነት እጁን የሰደደ ሠራተኛ ሕይወቱን ያጣል።

ስለ አገራችን ኤሌክትሪክ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ግድቦችና ስለ ማመንጫዎች ብዙ ይባላል። ከቆጣሪው በኋላ፥ ማለት በግድግዳና በጣራ ውስጥ ስላለው ሽቦ፥ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። እኛም በአርባ ምንጭና በጋሞ አገር ላይ ዐይናችንን አድርገን ይህን የተረሳ ክፍል በቅደም ተከተል ለማቅረብ ሞክረናል።

1. ስለ አገሩና ስለ ቤቶቹ

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከከተማው ሥር በጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው። የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ደጋ ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ግን ርእሰ ከተማው ወደ ቆላው ወርዶ አርባ ምንጭ ተቆረቆረች። ከተማዪቱ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሠፈር ናት፤ ላይኛው ሴቻ፥ ታችኛው ሲቀላ ይባላል። ጋሞ ጎፋ ዞን በ2011 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ሆነች፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናት።

የቤቶቹ ዐይነት ለጉዳያችን ጥቅም አለው። በደጋው፥ በዶርዜና በጨንቻ አካባቢ፥ የታወቀው ቤት ከቀርከሃ የተሸመነ ረዥም ቤት ነው፤ መልኩም የዝሆን ራስ ይመስላል ይባላል። ቀርከሃ ሲደርቅ እሳት የሚወድድ ነገር ስለሆነ፥ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የጋለ ሽቦ ማለት በክብሪት ሣጥን ላይ የተጣለ ፍም ማለት ነው። በቆላው ከተማ ደግሞ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ያላቸው ቤቶች፥ ከእነርሱም ጎን የብሎኬት ቤቶችና ፎቆች አሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ ዋናው ቤት ከፊት፥ የኪራይ ክፍሎች ከኋላ ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ቆጣሪው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። መስመሩ ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤቶቹ እየተቀጠለ ይሄዳል። እንዲህ ያለው አኗኗር በአርባ ምንጭ ብቻ ሳይሆን በመላው የኢትዮጵያ ከተሞች የሚታይ ነው፤ የጋራ ኒውትራልም ብዙውን ጊዜ የሚወለደው ከዚሁ ቅጥያ ነው።

2. የጋራው ሽቦ እንዴት ተወለደ

የጋራ ኒውትራል የስንፍና ልጅ አይደለም፤ የቁጠባ ልጅ ነው። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ከተማ የፐርል ስትሪትን ማመንጫ ሲከፍት እያንዳንዱ መስመር ሁለት ሽቦ ነበረው፤ አንዱ ይወስዳል፥ አንዱ ይመልሳል። ነገር ግን የመዳቡ ዋጋ ከባድ ሆነ። ስለዚህም በዚያው ዓመት ኤዲሰን በአሜሪካ፥ ጆን ሆፕኪንሰን በእንግሊዝ፥ አንዱ ከሌላው ሳይማከር ባለ ሦስት ሽቦውን ዘዴ አገኙ። ዘዴው በፔንሲልቬንያ ውስጥ በሰንበሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1883 በሥራ ላይ ዋለ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሁለት መስመሮች የየራሳቸው መመለሻ ከሚኖራቸው ይልቅ አንድ የመካከል ሽቦ በጋራ ይኑራቸው፤ የአንደኛው ከረንት ሲሄድ የሌላው ስለሚመለስ፥ በመካከለኛው ሽቦ የሚያልፈው የሁለቱ ልዩነት ብቻ ይሆናል። ሁለቱ ወገኖች እኩል ከተጠቀሙ መካከለኛው ሽቦ ምንም አይሸከምም። ሦስቱ ሽቦዎች እኩል ውፍረት ቢኖራቸው እንኳ፥ ለዚያው ኀይልና ለዚያው ብክነት የሚያስፈልገው መዳብ ከፊተኛው 37.5 በመቶ ብቻ ነው። ከመቶ 62.5 እጅ መዳብ ማዳን በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ የሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ መጣ። በጀርመን አገር ይሠራ የነበረው የሩሲያ ተወላጅ ሚካኤል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በዚህ ሥራ ስሙ ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1891 ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ርቀት ኀይል በሦስት ፌዝ መተላለፉ ለዓለም ትልቅ ምስክር ሆነ። በዚህም ዘዴ ሦስት ፌዞች አንድ ኒውትራል በጋራ ይይዛሉ፤ በስድስት ሽቦ ፈንታ አራት ይበቃል። ዛሬ በሲቀላ ወይም በሴቻ መንገድ ዳር ባለው ምሰሶ ላይ የሚታየው አራት ሽቦ የዚሁ አሳብ ልጅ ነው። በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት፥ በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት ይገኛል።

እንግዲህ የጋራ ኒውትራል በራሱ ክፉ ነገር አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በምሰሶው ላይ ጥቅም ነው። ጥያቄው ይኸው ልማድ ከምሰሶው ወርዶ በቤት ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? የሚል ነው።

3. ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ

በአገራችን ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ የታየው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የገቡት ሠራተኞች ሥራቸውን ብቻ ሳይሆን የሙያውን ቋንቋ ጭምር ትተው ሄዱ፤ ዛሬም ሽቦ ሠራተኞቻችን «ስፒና» እና «ቫልቮላ» ሲሉ የሚናገሩት የጣልያንን ቃል ነው። ከዚያ በኋላ በ1940 ዓ.ም. የሸዋ ኤሌክትሪክ ድርጅት፥ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኀይል ባለሥልጣን ተቋቋሙ። ሕዝቡም መሥሪያ ቤቱን «መብራት ኀይል» ብሎ ጠራው፤ ይህ ስም በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሲሆንም፥ በ2006 ዓ.ም. በሁለት ተቋም ሲከፈልም አልለቀቀውም።

የማመንጫው ሥራ በየጊዜው አደገ። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመረቅ ታላቅ ነገር ነበር። ከጋሞ ዞን በስተ ሰሜን ምዕራብ በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ሁሉ ኀይል የሚያልቀው ግን በአንዲት ክፍል ግድግዳ ላይ፥ ጣት በምታህል ማገናኛ ውስጥ በተጠማዘዘ ሽቦ ነው። ወንዙን የገደበው መሐንዲስ ሥራውን በሚገባ ቢፈጽም እንኳ፥ ያቺ ማገናኛ ካልጠበቀች ቤቱ ጨለማ ወይም እሳት ነው።

4. የጋራ ኒውትራል የሚያደርሰው ጉዳት

ጉዳቱ በአራት መንገድ ይመጣል።

የመጀመሪያው ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው። የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። በአንድ ግቢ ሁለት ተከራዮች በአንድ ጧት ምጣዳቸውን ጣዱ እንበል። መስመሮቻቸው የየራሳቸው ብሬከር አላቸው፤ ኒውትራሉ ግን አንድ ነው። ሁለቱም ከአንድ ፌዝ የመጡ ከሆኑ በኒውትራሉ ላይ ከረንታቸው ይደመራል እንጂ አይጣፋም፤ ስለዚህ 32 አምፔር ያልፍበታል። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ በቱቦ ውስጥ ሆኖ በደኅና የሚሸከመው ከ20 እስከ 24 አምፔር ገደማ ነው። ከረንቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን የሽቦው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ብሬከሮቹ ግን እያንዳንዳቸው የሚያዩት 16 አምፔር ብቻ ስለሆነ አንዳቸውም አይወድቁም። ሽቦው በዝምታ ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል። በቀርከሃ ወይም በጭቃና በእንጨት ግድግዳ ውስጥ ይህ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያሻም።

ሁለተኛው የኒውትራል መበጠስ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከልዩ ልዩ ፌዝ የመጡ ከሆኑ ከረንታቸው በከፊል ይጣፋል፤ ሁለቱ ምጣዶች በኒውትራሉ ላይ የሚያሳልፉት 16 አምፔር ብቻ ነው፤ ሦስት ምጣዶች በሦስት ፌዝ ቢሆኑ ወደ ባዶ ይወርዳል። ይህ ደግ ነው። ነገር ግን ኒውትራሉ ቢበጠስ ሁለቱ ዕቃዎች በ380 ቮልት መካከል ተከታትለው እንደ ታሰሩ ይሆናሉ። በአንዱ በኩል 3,500 ዋት ምጣድ፥ በሌላው በኩል 100 ዋት አምፖል ቢኖር፥ ስሌቱ እንደሚያሳየን ምጣዱ 11 ቮልት ያህል፥ አምፖሉ ግን 369 ቮልት ያገኛል። እንጀራው አይበስልም፤ አምፖሉ ይፈነዳል። በአምፖሉ ቦታ ማቀዝቀዣ ወይም ቴሌቪዥን ቢሆን ዕጣው ያው ነው። ሰው «ኀይል ጨመረና አቃጠለብኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው፤ የጨመረ ኀይል የለም፤ የጠፋ ኒውትራል ነው።

ሦስተኛው ሠራተኛውን የሚገድለው ነው። ሠራተኛው የአንዱን መስመር ብሬከር ያጠፋል፤ መፈተሻውን በፌዙ ላይ አድርጎ አለመኖሩን ያረጋግጣል። ከዚያም በማገናኛ ሣጥኑ ውስጥ የኒውትራሎቹን ጥምጥም ይፈታል። ሌላው መስመር ግን ሥራ ላይ ነው፤ ከረንቱም በዚያው ጥምጥም በኩል ይመለስ ነበር። ጥምጥሙ በተፈታ ጊዜ ከዕቃው በኩል የሚመጣው የሽቦ ጫፍ 220 ቮልት ይሆናል። «ኒውትራል አይነዝርም» ተብሎ የተማረ እጅ በዚያ ጫፍ ላይ ያርፋል። በዚህ ጊዜ ስሕተቱ የሟቹ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት ሽቦውን ዘርግቶ ምልክት ሳያደርግበት የሄደው ነው።

አራተኛው የመከላከያው መሰናከል ነው። ብዙዎች አርሲዲ የሚሉት ብሬከር በፌዝ የወጣውና በኒውትራል የተመለሰው ከረንት እኩል መሆኑን ይመዝናል፤ ለሰው ሕይወት የሚሠራው 30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ሲያይ ይቈርጣል። ኒውትራሉ የጋራ ከሆነ የአንዱ ከረንት በሌላው መንገድ ስለሚመለስ ብሬከሩ ያለ ምክንያት እየወደቀ ያስቸግራል። ባለቤቱም ሲሰለች ብሬከሩን አስወጥቶ ይጥለዋል። እንዲህ ሆኖ አንድ ጥፋት ሌላውን መከላከያ ያፈርሳል።

5. ሕጎቹ እንዴት ተሠሩ

የሽቦ ሥራ ሕግ የተወለደው ከእሳት ፍርሃት ነው። እንግሊዞች የመጀመሪያውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1882 ሲያወጡ ርእሱ ከኤሌክትሪክ መብራት የሚመጣውን የእሳት አደጋ ስለ መከላከል የሚል ነበር። አሜሪካኖች ብሔራዊ ደንባቸውን እ.ኤ.አ. በ1897 አወጡ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በለንደን እ.ኤ.አ. በ1906 ተመሠረተ።

በጥንቱ ሥራ ፊውዝ በፌዙም በኒውትራሉም ላይ ይደረግ ነበር። ኋላ ግን የኒውትራሉ ፊውዝ ብቻውን ሲቃጠል ዕቃው የሞተ መስሎ በውስጡ ፌዝ ተቀምጦ እንደሚቈይ ታወቀ። ስለዚህም ኒውትራልን ብቻውን የሚቈርጥ ፊውዝ ወይም ማጥፊያ እንዳይኖር ተደነገገ። ይህ ደግ ሕግ ነው፤ ሆኖም ኒውትራሉን ያለ ጠባቂ ስለ ተወው፥ ከላይ ያየነውን የሁለቱን ምጣዶች ጉዳይ በሌላ ሕግ መዝጋት ግድ ሆነ።

በዚህ ነገር አገሮች በሦስት መንገድ ሄዱ። የእንግሊዝ ደንብ ከሁሉ ጥብቅ ነው፤ እያንዳንዱ የመጨረሻ መስመር በማከፋፈያው ሣጥን ላይ የራሱ ቦታ እንዲኖረውና ከሌላው ፈጽሞ የተለየ እንዲሆን ያዛል። ይህም በደረጃ መብራት ላይ ከታችኛው ፎቅ ፌዝ፥ ከላይኛው ፎቅ ኒውትራል መዋስን ይከለክላል። የአሜሪካ ደንብ ግን የጋራ ኒውትራልን በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል። የኒውትራሉ መቀጠል በሶኬቱ ብሎን ላይ የተመሠረተ እንዳይሆን፥ ማለት ሶኬቱ ሲፈታ ኒውትራሉ እንዳይበጠስ ያዛል፤ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮም ኒውትራሉን የሚጋሩት ፌዞች ሁሉ በአንድ ጊዜ አብረው እንዲጠፉ አስገድዷል። የዓለም አቀፉ ኮሚሽን ደንብ በመካከል ነው፤ ለብዙ ዋና መስመሮች አንድ ኒውትራል አይፈቅድም፤ ከአንድ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር የተከፈሉ የመጨረሻ መስመሮች ግን አከፋፈሉ በግልጥ የሚታወቅና በአንድ መቍረጫ ሁሉም ሽቦዎች የሚለያዩ ከሆነ ይፈቅዳል።

በቅርብ ዘመን ሌላ ነገር ተጨመረ። ኮምፒውተር፥ ቴሌቪዥንና አዳዲሶቹ አምፖሎች ከረንትን በእኩል ማዕበል አይስቡም። ከዚህም የተነሣ ሦስተኛ ሃርሞኒክ የሚባለው ክፍል በሦስቱ ፌዞች መካከል በመጣፋት ፈንታ በኒውትራሉ ላይ ይደመራል። ስለዚህ ሦስቱ ፌዞች እኩል ቢጫኑ እንኳ ኒውትራሉ ከፌዙ የበለጠ ከረንት ሊሸከም ይችላል። የዓለም አቀፉ ደንብ ይህ ክፍል ከመቶ 33 እጅ ሲያልፍ ኒውትራሉ ከፌዙ እንዲወፍር እስከ ማዘዝ ይደርሳል። «ኒውትራል ቀጭን ቢሆን አይጎዳም» የሚለው የድሮ አባባል እንግዲህ ዘመኑ አልፎበታል።

በአገራችን የሕንፃ ደንብ ተከታታይ መጻሕፍት ሲወጡ፥ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አሥረኛው ክፍል ስለ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚናገር ሆነ። የኤሌክትሪክ አዋጅ ቁጥር 86/1989 ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ደንብ ቁጥር 49/1991 ተከተለው፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ደግሞ ኋላ መጡ። የዝርጋታ ሥራ የሚሠራ ተቋራጭም የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ተደረገ። ስለዚህ አገራችን ሕግ የላትም ማለት አይቻልም።

6. በጋሞ አገር ነገሩ የት ላይ ይቆማል

ሕጉ ካለ ችግሩ ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ችግሩ ሕጉ የሚጠብቀው ትልቁን ሕንፃ መሆኑ ነው። በአርባ ምንጭ ሆቴል ወይም ፎቅ ሲሠራ ሥዕል ይቀርባል፤ ፈቃድ ይጠየቃል። በኋላ ጓሮ የተጨመረችው የኪራይ ክፍል ግን ሥዕልም ተቋራጭም የላትም። ሽቦውን የሚስበው ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ሙያ የቀሰመ ወጣት ነው፤ የሚከፈለው በቀን ሒሳብ ነው፤ ሽቦ የሚገዛው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ባለቤቱም «አንድ ፌዝ ብቻ ጨምር፥ ኒውትራሉ አለ» ይላል።

ለዚህ ባለቤት «ሕግ ተላለፍህ» ማለት ብቻውን አያሳምንም፤ የመዳብ ዋጋ ያሳስበዋልና። ሊነገረው የሚገባው ግን ሌላ ነው። ኤዲሰንና ሆፕኪንሰን መዳብ ያዳኑት ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ስለ ነበሩ ነው። በቆጣሪው ላይ አንድ ፌዝ ብቻ ባለው ግቢ ግን የሚጣፋ ከረንት የለም። ሁለት መስመር የሚያገለግል ኒውትራል የሁለቱን ድምር መሸከም አለበት፤ ስለዚህ በደንቡ ቢሠራ ሁለት እጥፍ መወፈር ይኖርበታል፤ ቍጠባውም በዚያው ይቀራል። በቀጭኑ ሽቦ ተገኘ የተባለው ትርፍ ከደኅንነቱ ላይ የተቈረሰ ብቻ ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው ከአንድ ጥቅል ሽቦና ከአንድ ማቀዝቀዣ ዋጋ የቱ እንደሚበልጥ ራሱ ይፈርዳል።

ይህን ትምህርት ለጋሞ ሰው ለማስረዳት ከሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። በጋሞ ባህል የጋራ ጉዳይ የሚታየው በዱቡሻ፥ በሕዝቡ መሰብሰቢያ አደባባይ ነው፤ የጋራ የሆነውን ነገር አንዱ ለብቻው ቈርጦ አይሄድም። ጎሜ የሚባለውም ክልከላ የአንዱ መተላለፍ በራሱ ላይ ብቻ ሳይቀር በቤተሰቡና በአካባቢው ላይ መከራ ያመጣል በሚል እምነት የቆመ ነው። የጋራ ኒውትራልም ጠባዩ እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሲፈታው የሚቃጠለው የሌላው ዕቃ ነው፤ አንዱ ያለ ምልክት ሲያገናኘው የሚሞተው ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ሌላ ሠራተኛ ነው። «የጋራ የሆነ ሁሉ አብሮ ይጥፋ፥ አብሮ ይብራ» የሚለው የደንቡ አሳብ ለጋሞ ሽማግሌ እንግዳ አይሆንም።

ለማስተማሩም ሥራ ከተማዪቱ አቅም አላት። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተጀመረው ትምህርት ቤት በ1996 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናም ያስተምራል። ተማሪው ስለ ሦስት ፌዝ በጥቍር ሰሌዳ የሚማረው ስሌትና በሲቀላ ጓሮ ያለው ጥምጥም ሽቦ አንድ ነገር መሆናቸውን ቢያይ፥ ትምህርቱም ከተማውም ይጠቀማሉ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ካየነው ታሪክ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ በመኖሪያ ቤት እያንዳንዱ መስመር ከብሬከሩ ጀምሮ የራሱ ኒውትራል ይኑረው። ሁለተኛ፥ በባለ ሦስት ፌዝ ሕንፃ ውስጥ መጋራት ግድ ከሆነ ፌዞቹ በአንድ ተያያዥ ብሬከር አብረው ይጥፉ፤ ኒውትራሉ ከፌዙ አይቅጠን፤ በሶኬት ብሎን ላይም አይቀጠል፤ በሣጥኑ ላይ ምልክት ይደረግበት። ሦስተኛ፥ ሠራተኛ ኒውትራልን ከመፍታቱ በፊት ፌዙን ብቻ ሳይሆን በኒውትራሉም ከረንት አለማለፉን ይፈትሽ፤ ጥርጣሬ ካለው ዋናውን ያጥፋ። አራተኛ፥ የኪራይ ክፍል ሲጨመር መስመሩ ከዋናው ማከፋፈያ ይምጣ እንጂ ከጎረቤት ክፍል አይቀጠል።

እነዚህ አራቱ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ጥንቃቄና ዕውቀት ነው። የኤሌክትሪክ መብራት በጋሞ ደጋና ቆላ ከቤት ወደ ቤት እየገባ ባለበት በዚህ ጊዜ ሽቦው ከመጀመሪያው በትክክል ቢዘረጋ፥ ኋላ ግድግዳ ከማፍረስና ሐዘን ከመቀመጥ ያድናል። ሌሎች ተማሪዎችም በየትውልድ አገራቸው ይህንኑ ነገር መርምረው ቢጽፉ፥ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የኤሌክትሪካችን ታሪክ ቀስ በቀስ ይሞላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።